ወላጅ አልባ ተቀባይ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ለመውሰድ በየወሩ ከመሐል ሜዳ የሚመጡ እናት አሉ። ባለፈው ወር አምሎዲፒኗን መዳፋቸው ላይ አገላበጡና «ልጄ፣ ይቺ ሽምብራ የማታክል ነገር ሆዴ ገብታ ደም ሥሬን በምን ታውቀዋለች?» አሉኝ። ይህን ያህል ልብ ውስጥ የሚገባ ጥያቄ ከደንበኛ ሰምቼ አላውቅም።

ኪኒኗ አታውቀውም። በደም ተሳፍራ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ትዞራለች፤ የምትይዘው ግን የሚገጥማትን ብቻ ነው። እማማ የመንዝ ሰው ናቸውና በበግ አስረዳኋቸው። ማታ መንጋው ከግጦሽ ሲገባ ግልገሎቹ ይለቀቃሉ። እያንዳንዷ በበጎቹ እግር መሐል ትሹለከለካለች፣ ታሸታለች፣ ትታ ታልፋለች፤ የራሷን እናት ስታገኝ ብቻ ተንበርክካ ትጠባለች። የአምሎዲፒን «እናት» በደም ሥር ጡንቻ ሴሎች ላይ ያለው የካልሲየም መግቢያ በር ነው። በሩ ሲዘጋ ጡንቻው ይላላል፣ ደም ሥሩም ይሰፋል። መድኃኒት የሚይዘው እንዲህ ያለ ነገር የመድኃኒት ዒላማ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፕሮቲን ነው።

ሰው ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። እስካሁን የጸደቀው መድኃኒት ሁሉ ተደምሮ የሚነካው ከነዚህ ፕሮቲኖች 700 ያህሉን ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ ስማቸው ተመዝግቦ ሥራቸው በውል ሳይታወቅ ተቀምጠዋል። ከነሱ መካከል በሴሉ ሽፋን ላይ ተተክለው የውጭ መልእክት የሚቀበሉ፣ ግን መልእክቱን የሚያመጣላቸው ኬሚካል በእርግጠኝነት ያልተለየ ተቀባዮች አሉ። ወላጅ አልባ ተቀባይ ወይም ኦርፋን ሪሴፕተር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በእኛ ምሳሌ ግን ግልገሏ ያልታወቀች በግ ቢባሉ ይሻላል።

አንዱን ልጥቀስ፦ ጂፒአር75። በአንጎል ውስጥ፣ ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረውን ክፍል ጨምሮ ይገኛል፤ ለዓመታት ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሜክሲኮ የሚኖሩ ከ640,000 በላይ ሰዎችን ጂን አነበቡ። ከ10,000 ሰው 4 ያህሉ የዚህ ጂን አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው በአማካይ 5.3 ኪሎ ይቀላሉ፤ ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸውም በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው። ጂኑ የጠፋባቸው አይጦችም ስብ የበዛበት ምግብ እየበሉ እንደ ሌሎቹ አልወፈሩም። ተፈጥሮ ራሷ ሙከራውን ሠርታ አስቀምጣው ነበር ማለት ነው። ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ከተገኘ ያንኑ ውጤት ያመጣ ይሆናል የሚለው ተስፋ ከዚህ ይነሣል። የጸደቀ መድኃኒት ግን ገና የለም፤ ወደ አንጎል የሚዘልቅ ኪኒን መሥራትም ቀላል አይደለም።

እኛ ጋ ከውፍረት ይልቅ ክሳት የሚያስጨንቀው ቤት ይበዛል። ታዲያ ይህ ለምን ይመለከተናል? መልሱ ፒሲኤስኬ9 በተባለው ሌላ ፕሮቲን ታሪክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ባለባቸው የፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ ሲታወቅ እምብዛም ያልተጠና ነበር። በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከ100 ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት ይህ ጂን አንዱ ቅጂው እንደማይሠራላቸው አሳየ፤ መጥፎው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ፕሮቲኑን ይዘው ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መርፌዎች በ2015 ጸደቁ። የጂኑ አንዱ ቅጂ እንዲህ አለመሥራቱ በነጮቹ ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። እነሱ ብቻ ተመርምረው ቢሆን ኖሮ ያ ማስረጃ ያን ያህል ጎልቶ ባልወጣ ነበር።

ይህንንም ለእማማ ነገርኳቸው። ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ ጥቂት አሰቡና፣ «የእኛንስ ደም አንብበውታል?» አሉኝ።

«በጣም የጥቂት ሰው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሲመጡ ጥሪኝ» ብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።