ሲት ፒች ምንድን ነው? የእግር ቦታ እንዳይመስላችሁ

«ፒቹ 32 ኢንች ነው፤ ስለዚህ ለእግርህ 32 ኢንች አለህ።» ረጅም በረራ ለሚጠብቀው ሰው ሰሞኑን የተሰጠ ምክር ነው። መካሪው በልበ ሙሉነት ነበር የተናገረው፣ ግን ተሳስቷል። የአውሮፕላን መቀመጫ መግጠምና መጠገን ሥራዬ ነው። ይሄ ስህተት ሲደጋገም ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ሲት ፒች ማለት መቀመጫችሁ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ተነስቶ፣ ፊት ለፊት ባለው መቀመጫ ላይ እስካለው ተመሳሳይ ነጥብ ድረስ ያለው ርቀት ነው። በኢኮኖሚ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 34 ኢንች ይሆናል። 31 ኢንች ወደ 79 ሴንቲ ሜትር ነው። መቀመጫዎቹ የሚታሰሩበት የወለል ሀዲድ በየአንድ ኢንቹ ማሰሪያ ስላለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ርቀት ውስጥ የጀርባ መደገፊያው ውፍረትም ተቆጥሯል። ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው። ቤት አስቡ። ከውጭ ሲለካ 6 ሜትር የሆነ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ከሆነ ውስጡ ይጠባል። ያው 6 ሜትር በስስ ብሎኬት ሲሠራ ሳሎኑ ሰፋ ይላል። አዲሶቹ ስስ መቀመጫዎች የብሎኬት ቤት ናቸው። የመጽሔት ኪሱን ከጉልበት ፊት አንስቶ ከጠረጴዛው በላይ ማድረግ፣ መተላለፊያ ላይ የቆመ ቁም ሳጥን እንደማንሳት ነው። አንዳንድ መቀመጫ ስር ያለው የስክሪን መሣሪያ ሣጥን ደግሞ ሳሎን መሃል የቆመ ምሰሶ ነው። የቤቱ ልክ ያው ነው፣ እግር ግን አያዘረጋም። ስለዚህ ስስ መደገፊያ ያለው 30 ኢንች፣ ወፍራም መደገፊያ ካለው 31 ኢንች ለጉልበት ሊሻል ይችላል።

ግድግዳው እንደፈለጉ አይሳሳም ታዲያ። የአዳዲስ አውሮፕላን ሞዴሎች መቀመጫ ከስበት 16 እጥፍ የሚደርስ የፊት ግፊት ችሎ ማለፍ አለበት። ስፖንጁም የእሳት ፈተና አለበት። ያረጀውን እንኳ በፈለግነው ስፖንጅ አንተካም።

መካሪው አላበቃም። «የክፍልፋይ ግድግዳ ፊት ያለውን ረድፍ ያዝ፣ ፒቹ ትልቅ ነው» አለ። እዚያ ከፊታችሁ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ እንጂ መቀመጫ የለም። ፒቹ ከምን ተነስቶ እስከ ምን ይለካል? ጉልበታችሁ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ እግራችሁን ግን የምታስገቡበት የፊት መቀመጫ የለም። ጠረጴዛው የእጅ መደገፊያው ውስጥ ስለሚታጠፍ መደገፊያው አይነሳም፣ መቀመጫውም ትንሽ ይጠባል። ቦርሳችሁም አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ላይኛው ማስቀመጫ ይገባል። የአደጋ ጊዜ በር አጠገብ ያለው ረድፍ በእርግጥ ሰፊ ነው፤ ሰው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ በሕግ ስለሚጠየቅ ነው። ግን ከበሩ ፊት ያለው ረድፍ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይጋደምም። ሁለት የበር ረድፎች ተከታትለው ካሉ የኋለኛውን ምረጡ።

ፒች ስለ ወርድም ምንም አይነግራችሁም። ቦይንግ 777 በአንድ ረድፍ 9 ሰው ያስቀምጥ ነበር፤ ዛሬ ብዙ አየር መንገዶች 10 አድርገውታል። ፒቹ ሳይነካ ትከሻ ለትከሻ መነካካት ይመጣል። ኤርባስ ኤ330 ብዙውን ጊዜ 2-4-2 (በየመስኮቱ በኩል ሁለት ሁለት፣ መሃል አራት መቀመጫ) ስለሆነ ሁለት ለሆኑ ተጓዦች በጣም እወደዋለሁ። በመስኮት በኩል ጥንድ መቀመጫ ስለሆነ መሃል የሚገባ ሦስተኛ ሰው የለም።

ቁመትም ብቻውን አያስተማምንም። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ተቀመጡና ከግድግዳው እስከ ጉልበታችሁ ጫፍ ለኩ። እግሩ ረጅም የሆነ አጭር ሰው ከረጅሙ ጓደኛው በላይ ሊቸገር ይችላል። ከዚያ የበረራውን ፒች ሳይሆን የመቀመጫውን ሞዴል ፈልጉ፤ በዚያ ሞዴል የተቀመጠ ሰው ያነሳው ፎቶ ከቁጥሩ የበለጠ ይነግራችኋል። አየር መንገዱ አውሮፕላኑን በመጨረሻ ሰዓት ሊቀይር ስለሚችል፣ ከበረራው አንድ ቀን በፊት የመቀመጫ ካርታውን ድጋሚ እዩት።