ከቀደር ወደ ቀደር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ባለፈው ሳምንት ዒሻ ሰግደን ከጎረቤቴ ጋር ከሸዋ በር ወደ ሰፈራችን እየሄድን ነበር። የስኳር በሽታ ወሬ ተነሳ። አባቱም እናቱም ስኳር አለባቸው። «አንተስ ለምን አትመረመርም?» አልኩት። «ተወው ባክህ፣ አላህ የጻፈው አይቀር» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ቃል እዚህ ደሴ ከስንት ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ!

ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ሶርያና አካባቢዋ ሲጓዙ፣ አገሩ ወረርሽኝ እንደገባበት መንገድ ላይ ሰሙ። ሰው አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። በሻም የጦር አዛዥ የነበሩት ሶሓባ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) «ከአላህ ቀደር፣ አስቀድሞ ከወሰነው ነገር፣ ይሸሻሉን?» አሏቸው። ዑመርም «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን» ሲሉ መለሱ። ምሳሌም ጨመሩ። ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙ ብታሰማራም በደረቁ ብታሰማራም በአላህ ቀደር ነው። ከብት ጠብቆ ያደገ የወሎ ልጅ ይህ ማንም ሳይፈታለት ይገባዋል። ቀደር ነው ብሎ መንጋውን ደረቅ ላይ የሚያውል እረኛ አላየሁም።

ስኳርም እንዲሁ ሁለት ወገን አለው፤ ለምለሙ ጤና፣ ደረቁ በሽታ ነው። ከምግብ ወደ ደም የገባውን ስኳር ሰውነት እንዲጠቀምበት የሚያደርገው ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። ቦርጭ ሲወጣና እንቅስቃሴ ሲጠፋ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል። ቆሽት ለዓመታት አብዝቶ እያመረተ ይታገላል። ሲደክመው ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው።

አላህ ግን መሃል ላይ ጊዜ ሰጥቶናል። የደም ስኳር በባዶ ሆድ ተለክቶ በዴሲሊትር ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም ከሆነ ገና ደፍ ላይ ነን። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው ገብቷል። ደፍ ላይ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ካልተለካ አያውቅም። በቤተሰቡ ስኳር ያለበት፣ ቦርጭ ያለው፣ ደም ግፊት ያለበት፣ በእርግዝናዋ ወቅት ስኳር የታየባት እህት፣ ዕድሜው 35 የሞላ ሁሉ ይለካ።

ከደፉ መመለስ ይቻላል። በፈረንጆቹ 2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ለበሽታው የተጋለጡ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ፣ በሳምንትም 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በዚህ ቡድን በበሽታው የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን በወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። 7 በመቶ ደግሞ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

እስቲ ሻያችንን እንየው። የደሴ ብርድ ሻይ ያስወድዳል። እናቴ ቤት ሻይ ሲቀዳ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሳይሟሟ ነጭ ሆኖ ይታያል። ለእንግዳ ማንኪያ መቀነስ ንፉግነት ይመስላታል። በብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ በቀን 4 ብርጭቆ፣ 12 ማንኪያ ሆነ። ወደ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይሻላል ይላል። ከጫት ጋር የሚወርደውን ለስላሳ ገና አልቆጠርኩም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ረመዳን ነው። ቀኑን ሙሉ ለአላህ ብለን ጾመን፣ መግሪብ ሲል በቴምርና በውሃ እንፈታለን። ይህ ሱና ነው። ከዚያ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ስኳር የበዛበት ጭማቂ፣ እንጀራው፣ እንደገና ሻይ ይመጣል። ተራዊሕ ላይ ሩኩዕ ስናደርግ ትንፋሽ ያጥረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአደም ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ አልሞላም፤ ጀርባውን የሚያቆሙለት ጥቂት ጉርሻዎች ይበቁታል፤ ግድ ካለም ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ይሁን ብለዋል። ቲርሚዚ ዘግበውታል። ያ ለትንፋሽ የተባለው ሲሶ የት ሄደ? እንጀራው ቀነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ጨመር ቢል፣ ጭማቂው በውሃ ቢተካ ከጾማችን ምን ይጎድላል?

ስኳር ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ወንድም ወይም እህት ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ለታመመ ሰው አላህ በቁርኣኑ ሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል።

እርምጃም ዒባዳ ይሆናል። ወደ ሶላት የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃው ደረጃ ከፍ እንደሚልለት፣ ኃጢአትም እንደሚራገፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይወስዳል፤ ከምግብ በኋላ ደግሞ አጭር መንገድም ትጠቅማለች። እራት በልቶ ለዒሻ በእግር መሄድና መመለስ 30 ደቂቃ ከወሰደ፣ በሳምንት 5 ቀን 150 ደቂቃው ሞላ። በባጃጅ ስንሄድ ሁለቱም ያመልጡናል።

ትናንት ከፈጅር በኋላ ጎረቤቴን አገኘሁትና የዑመርን ታሪክ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «ታዲያ የት ነው የሚለካው?» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ምንም ሳንቀምስ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል፣ ኢንሻአላህ። በእግር።