ኪሚኮ ዳቴ፦ ሁለት ጊዜ ራኬት የሰቀለችው ጃፓናዊት

ኪሚኮ ዳቴ በዓለም ሴቶች ቴኒስ ከአሥሩ ምርጦች ተርታ የገባች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ናት። በ1970 ኪዮቶ ውስጥ ተወለደች። በ1989 ፕሮፌሽናል ሆነች፣ በኖቬምበር 1995 ደግሞ የዓለም 4ኛ ደረጃን ያዘች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለአንድ ሰው ይህም ይበቃ ነበር። እሷ ግን በ26 ዓመቷ ሁሉን ትታ ቤቷ ገባች፤ ከዚያ ከ11 ዓመት በላይ ቆይታ፣ እኩዮቿ አሰልጣኝ ወይም የቴሌቪዥን ተንታኝ በሆኑበት ዕድሜ ተመልሳ መጣች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከመጀመሪያው ዘመኗ ሁለተኛው ይበልጣል።

መጀመሪያ አጨዋወቷን እንይ። ዳቴ በተፈጥሮዋ ግራኝ ናት። በልጅነቷ ግን እንደዚያ ዘመን የጃፓን ልማድ በቀኝ እጇ እንድትጠቀም ስለተደረገች ቴኒሱንም በቀኝ ተጫወተችው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ነው፣ በጉልበትም ከዘመኑ ኃያል ተጫዋቾች፣ ከእነ ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ ጋር አትገዳደርም። ስለዚህ መላዋ ለተጋጣሚ ጊዜ አለመስጠት ሆነ። ኳሷ መሬት ነክታ ገና ሽቅብ ስትነሳ፣ ራኬቱን ብዙ ወደ ኋላ ሳትስብ፣ ብዙም ሳታሽከረክራት ቶሎ ትመታታለች። ኳሷን የመታችው ተጋጣሚ ገና ቦታዋን ሳትይዝ ኳሷ ተመልሳ እግሯ ሥር ናት። እዚህ ላይ ኃይሉ የሚመጣው ከተጋጣሚ ነው፤ ጠንክራ የመታችባት ሴት የራሷን ምት ነው መልሳ የምትቀበለው።

በዚህ አጨዋወት በ1994 የአውስትራሊያ ኦፕን፣ በ1995 የፈረንሳይ ኦፕን፣ በ1996 ደግሞ የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች (ግራንድ ስላም ከሚባሉት) አንዱንም ግን አላነሳችም። ሁለቱን ግማሽ ፍጻሜ ግራፍ፣ አንዱን አራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮ አስቀሩባት። የጃፓን ኦፕንን አራት ጊዜ አሸንፋለች፣ ሲድኒና ሳንዲዬጎ ላይም ዋንጫ ወስዳለች።

ከሁሉ የሚነገርላት ጨዋታ ግን የአገር ለአገር ውድድር ነው። በ1996 የፌድ ካፕ ጃፓንና ጀርመን ቶኪዮ በሚገኘው የአሪያኬ ኮሎሲየም ተገናኙ። ዳቴ ግራፍን 7ለ6፣ 3ለ6፣ 12ለ10 ረታች። የመጨረሻው ምዕራፍ (በቴኒስ ቋንቋ «ሴት» የሚባለው) ብቻውን 22 ጌም ነው! ጃፓንም ጀርመንን 3ለ2 አሸነፈች።

ከወራት በኋላ ሁለቱ ዊምብልደን ላይ እንደገና ተፋጠጡ። ግራፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 6ለ2 ወሰደች፣ ዳቴ ሁለተኛውን በዚያው 6ለ2 መለሰችላት፤ ልክ እሷ ስትሟሟቅ መሸና ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ። በማግስቱ ግራፍ 6ለ3 ጨረሰችው። ይህ ጨዋታ ዛሬም በቪዲዮ ይዞራል፣ ግን በሌላ ምክንያት። ከተመልካች መሃል አንዱ «ስቴፊ፣ ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጮኸ፤ እሷም «ስንት ብር አለህ?» ብላ ሜዳውን በሳቅ ሞላችው። ቪዲዮውን የሚቀባበለው ሰው ከመረቡ ወዲያ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ልብ ማለቱን እጠራጠራለሁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ከአሥሮቹ ውስጥ እያለች፣ ራኬቷን ሰቀለች። ከአገር አገር መንከራተቱ ሰልችቷት፣ ቤቷም ናፍቋት ነበር። በ2001 ሚካኤል ክሩም የሚባል ጀርመናዊ የመኪና ተወዳዳሪ አገባች (በ2016 ተፋተዋል)። በ2004 የለንደን ማራቶንን ከ3 ሰዓት ተኩል በታች ሮጠች። ስፖርቱን ጨርሳ አልተወችውም ማለት ነው።

በ2008 በ37 ዓመቷ ተመለሰች። ምክንያቷ የአገሯን ወጣት ተጫዋቾች ማነቃቃት እንደሆነ ተናገረች። ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ ሊያየው ይችል ነበር፤ እሷ ግን ከትንንሽ ውድድሮች ጀምራ በዚያው ዓመት የመላ ጃፓን ሻምፒዮና በነጠላም በጥንድም ወሰደች። በሴፕቴምበር 2009፣ 39 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሴኡል ላይ አናቤል ሜዲና ጋሪጌስን አሸንፋ ዋንጫ አነሳች። ካለፈው ዋንጫዋ 13 ዓመት ቆይታ! በነጠላ ከእሷ በሚበልጥ ዕድሜ የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር (ቱር) ዋንጫ የወሰደችው ቢሊ ጂን ኪንግ ብቻ ነበረች። በ2010 የፈረንሳይ ኦፕን ላይ፣ በቀደመው ዓመት እዚያው ለፍጻሜ የደረሰችውን ዲናራ ሳፊናን በመጀመሪያው ዙር አሰናበተች፤ በዚያው ዓመት፣ 40 ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቶኪዮ ላይ ማሪያ ሻራፖቫን ጣለች።

ለእኔ ግን ከድሎቹ ሁሉ የ2011 ሽንፈቷ ይበልጣል። በዊምብልደን ዋናው ሜዳ፣ ጣሪያው ተዘግቶ፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረችውን ቬነስ ዊልያምስን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አስጨነቀቻት። 6ለ7፣ 6ለ3፣ 8ለ6 ነው ያለቀው። ቬነስ በ10 ዓመት ግድም ታንሳታለች፣ የመክፈቻ ምቷም (ሰርቯ) የሚያስፈራ ነው፤ ያቺ የቀድሞ መላ ግን አሁንም ትሠራ ነበር። በ2013 ደግሞ በ42 ዓመቷ ናዲያ ፔትሮቫን 6ለ2፣ 6ለ0 ረትታ በአውስትራሊያ ኦፕን ዋናው ድልድል የነጠላ ጨዋታ ያሸነፈች በዕድሜ ትልቋ ሴት ሆነች።

ያስቆማት የእግሯ ጉልበት ነው። በ2016 ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ተመለሰች፣ ግን አልሆነም። በሴፕቴምበር 2017 ቶኪዮ ላይ በአሌክሳንድራ ክሩኒች 6ለ0፣ 6ለ0 ተሸንፋ በ46 ዓመቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተች።

ከዚያ ወዲህ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ ማስተርሷን ይዛለች። ያጠናችው ስለ ቴኒስ ሜዳ ነው። ጃፓን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ሜዳ ሞልቷል፤ ዝናብ ቶሎ ስለሚያሰርግና ለጉልበት ስለሚለሰልስ ይወደዳል። ችግሩ ኳስ ብዙ አይነጥርበትም፣ እግር ያንሸራትታል፣ ታላላቆቹ የዓለም ውድድሮችም እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ አይካሄዱም። እዚያ ላይ ያደገ ልጅ ውጭ ሲወጣ ኳሷ ከትከሻው በላይ ስትነጥርበት ግራ ይገባዋል። ዳቴ ልጆች በጠንካራ ሜዳ እንዲያድጉ ትከራከራለች፣ ታዳጊ ሴቶችንም ታሠለጥናለች።