ድንጋዩ ስር ወርቅ አለ? ስለ ዳርትሙር መቃብሮች የሚባለውና እውነታው

ዳርትሙር በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ ያለ ከፍታ ቦታ ነው። ዛፍ እምብዛም የለውም፤ ነፋስና ጭጋግ ግን አያጣም። ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም የድንጋይ ክምር ይታያል። ብዙዎቹ የነሐስ ዘመን መቃብሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተሠራና የተከደነ ሳጥን አለ።

«ስሩ ወርቅ ተቀብሯል»

ፕሪንስታውን አጠገብ ያለው አንዱ መቃብር ስሙ ራሱ «የወርቅ ማሰሮ» ነው! በዚህ ወሬ ስንቱ ክምር ተቆፍሮ ተበርብሯል። ትልቁ ሀብት የተገኘው ግን ዋይትሆርስ ሂል የተባለ የዳርትሙር ኮረብታ ላይ ነው፤ ወርቅ የሚባል ነገር አልነበረበትም። 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ጉብታ ጎን ድንጋይ ወድቆ ሳጥኑ ብቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ተቆፈረ። ውስጡ የድብ ቆዳ፣ የተቃጠለ የሰው አጥንት፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ሙዳይ መሳይ ቅርጫት፣ ከ200 በላይ ዶቃ ተገኘ። ከላም ፀጉር የተጎነጎነ አምባርም አለ፤ በቆርቆሮ ፈርጥ ያጌጠ (የጣራውን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)። ከሁሉ የገረመኝ ግን ከሳማ ክር የተሠራው ጨርቅ ነው። ዳሩ በጥጃ ቆዳ ተዘምዝሟል። ሳማ ለብልቦት የሚያውቅ ሰው የዚያን ባለሙያ ትዕግስት ይገምት። ይህ ሁሉ ከ3,600 ዓመት በላይ ቆይቷል።

«ባዶ ከሆነ ማንም አልተቀበረበትም»

አፈሩ ፒት ይባላል፤ ጥቁር፣ አሲዳማ፣ ውሃ የጠገበ ነው። ያልተቃጠለ አጥንት እዚያ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። አየር ስለማይገባው ደግሞ ሌላ ቦታ የሚበሰብሰውን ቆዳና ፀጉር ያቆያል። ሳጥኑ ባዶ ቢሆን እንኳ ሬሳው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

«ጌጥ ካለ ሴት ናት»

የዋይትሆርስ ሂሉ ሟች ዕድሜ ከ15 እስከ 25 ዓመት ይገመታል። ወንድ ይሁን ሴት ከአጥንቱ መለየት አልተቻለም። ዶቃም ጉትቻም ለሴት ብቻ ነው ያለው ማነው?

«ድሩይዶች የሠሩት ነው»

አይደለም። ድሩይዶች የጥንት ኬልቶች ካህናት ናቸው፤ ስለ እነሱ የተጻፈው ከዚህ መቃብር ከ1,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

«አንድ ድንጋይ ብጨምር ምን አለበት?»

ተራራ ወጪዎች ይህን ይወዳሉ። ምሳ እስኪበሉ ከነፋስ ለመከለል ድንጋዩን እያነሱ የሚክቡም አሉ። ክምሩ እንዲህ ሲነካካ የጥንት ቅርጹ ይጠፋል፣ ሳጥኑም ለዝናብ ይጋለጣል። ብዙዎቹ ክምሮች ደግሞ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ መነካካት ወንጀል ነው።