«ዘ ሶሎይስት»፦ ሁለት ክር በቀረው ቫዮሊን የተጀመረ ወዳጅነት

«ዘ ሶሎይስት» እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ጆ ራይት ነው። ድርሰቱን ለፊልም ያዘጋጀችው ሱዛና ግራንት ናት። ጄሚ ፎክስ ጎዳና ላይ የሚኖሩትን ሙዚቀኛ አቶ ናትናኤል ኤየርስን፣ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ደግሞ የሎስ አንጀለስ ታይምስ አምደኛውን አቶ ስቲቭ ሎፔዝን ሆነው ይተውናሉ። ሁለቱም ባለታሪኮች በእውን ያሉ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ የተሠራው ሎፔዝ ከጻፉት መጽሐፍ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሎፔዝ መሃል ሎስ አንጀለስ፣ ፐርሺንግ አደባባይ፣ የቤትሆቨን ሐውልት አጠገብ አንድ ሰው ቫዮሊን ሲጫወቱ ሰሙ። ቫዮሊኑ የቀረው ሁለት ክር ብቻ ነው። ሰውዬው በወሬ መሃል ጁሊያርድ መማራቸውን ጣል አደረጉ። ጁሊያርድ ኒውዮርክ ያለ፣ ለመግባት ጭንቅ የሆነ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ጋዜጠኛ ሰምቶ ዝም አይልም። ሎፔዝ አጣሩ፣ እውነት ሆኖ ተገኘ። የክሊቭላንዱ ልጅ ኤየርስ እዚያ ደብል ቤዝ የተባለውን ትልቅ የክር መሣሪያ ሲማሩ ታመው ነበር ያቋረጡት። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ነው። ከዚያ እስከ 2005 ያለውን ዘመን ፊልሙ በጥቂት ትዝታዎች ብቻ ያልፈዋል።

አምድ የሚባል ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በኋላ ይታያል። ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች የሙዚቃ መሣሪያ መላክ ጀመሩ። በፊልሙ አንዲት በአርትራይተስ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም፣ መጫወት ያቃታቸው ሴት ቼሏቸውን፣ ቫዮሊን የሚመስለውን ትልቅ መሣሪያ፣ ይሰጣሉ። ኤየርስ ቼሎውን ተቀብለው መኪና በሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ሲጫወቱ፣ ካሜራው ከርግቦቹ ጋር ተነስቶ ከተማውን ከላይ ያሳያል። ሌላው የማይረሳው ቦታ ዲዝኒ የኮንሰርት አዳራሽ ነው። ኤየርስ ሕዝብ መሃል መቀመጥ ስለማይሆንላቸው የሚሄዱት ለልምምዱ ነው። የቤትሆቨን ሦስተኛ ሲምፎኒ ሲጀመር ሰው ሁሉ ከስክሪኑ ይጠፋና ቀለም ብቻ ይቀራል። የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ኤሳ-ፔካ ሳሎነን ራሱን ሆኖ ይታያል። ከፎክስ እጅ የሚሰማው ቼሎ በእውነቱ የዚያው ኦርኬስትራ ተጫዋች የቤን ሆንግ ነው።

ቤት የሌላቸው ሰዎች ከሚበዙበት ከስኪድ ሮው ሰፈር ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች በፊልሙ ተሳትፈዋል። ይህን ከሁሉ በላይ አከብረዋለሁ። የአእምሮ ሕመምተኛ በፊልም ሲመጣ ወይ ይሳቅበታል ወይ ይፈራል፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ፊታቸው፣ ድምፃቸውና ቀልዳቸው አለ።

እውነቱ አንዳንድ ቦታ ተነካክቷል። ሎፔዝ በሕይወታቸው ባለትዳር ናቸው፤ በፊልሙ ግን ትዳራቸው ፈርሷል። የቀድሞ ሚስታቸውን የምትተውነው ካትሪን ኪነር ስትሆን፣ እዚያው ጋዜጣ ላይ አለቃቸው ናት።

አከራካሪው ነገር ሕክምና ነው። ሎፔዝ ወዳጃቸው መድኃኒት እንዲጀምሩ ይፈልጋሉ። ለአእምሮ ሕመምተኞች መጠለያ በሚሰጠው ላምፕ የሚሠራው ዴቪድ ግን ማንንም አላስገድድም ይላል። ማን ልክ እንደሆነ ዛሬም ያነጋግራል፤ ፊልሙ ወደ ዴቪድ ያደላ ይመስላል። ሎፔዝ ስኪዞፍሬኒያ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ሲያቀርቡ ኤየርስ አንብበው በቁጣ ይነሱባቸዋል። አንድ ቅሬታም ያወጣሉ፦ እኔ «ሚስተር ሎፔዝ» እላለሁ፣ እኔ ግን በስሜ እጠራለሁ። አንተና አንቱ ለሚለይ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። በኋላ ሎፔዝ «ሚስተር ኤየርስ» ማለት ይጀምራሉ። እዚህም ከመጀመሪያው አንቱ ያልናቸው ለዚሁ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. ለኅዳር 2008 ታስቦ ወደ ሚያዝያ 2009 ተገፋ። 60 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 38 ሚሊዮን አካባቢ ነው ያስገባው። ተቺዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ የፎክስን ትወና ግን ብዙዎቹ አድንቀዋል።

ኤየርስ መጨረሻ ላይ አይድኑም። በመዝጊያው ጽሑፍ ቤት ውስጥ እንደሚያድሩና መጫወታቸውን እንዳልተዉ ይነገራል። ሎፔዝም አምዳቸውን እየጻፉ ጊታር መማር ጀምረዋል።