ላይከን እና ብግነትን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮቹ

ላይከን ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ ወይም ከቅርንጫፍ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ የሚታየው፣ ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ፈንገስና አልጌ (አንዳንዴ ሳይኖባክቴሪያ፣ እሱም ከፀሐይ ምግብ የሚሰራ ባክቴሪያ) ተዳብለው የሚኖሩበት ነው፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሰራል ፈንገሱ ደግሞ መጠለያ ይሆናል። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1860ዎቹ መጨረሻ ይሄንን ሲናገር የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት አልተዋጠላቸውም ነበር።

ድሮ አውሮፓ ውስጥ ሳንባ የሚመስለውን ላይከን ለሳንባ በሽታ ይሰጡት ነበር፣ መልኩን አይተው ብቻ።

ፈንገሱ የሚያመርታቸው ውህዶች ከ1,000 በላይ ተለይተዋል፣ አብዛኞቹ ከላይከን ውጪ አይገኙም። ስሙ የገነነው ግን ኡስኒክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 የተለየ ቢጫ ክሪስታል ሲሆን ጺም ከሚመስለው ኡስኒያ እና ከክላዶኒያ ከሚባሉት የላይከን ዓይነቶች ይገኛል። ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ላይ የሚሰራው እንዲህ ነው፦ ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የባክቴሪያ ሽፋን ሲነካቸው ይቆጡና ቲኤንኤፍ አልፋ እና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባሉ ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች ይለቃሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ኡስኒክ አሲድ ሲጨመርባቸው ግን ይሄን ሁሉ የሚያዘው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ስለሚዳከም የሚለቁት ይቀንሳል። እግራቸው ሆን ተብሎ እንዲያብጥ የተደረጉ አይጦች ላይም እብጠቱን ቀንሷል፣ በ1995 የወጣ ጥናት ደግሞ ከኡስኒያ የተገኙት ኡስኒክ አሲድና ዲፍራክታይክ አሲድ ህመምና ትኩሳት እንደሚያስታግሱ አይጦች ላይ አሳይቷል። ለአንድ የድንጋይ ልጣጭ ቀላል አይደለም!

ግን ጉበት አለ። ኡስኒክ አሲድ ሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ኃይል የሚያመርትበትን መንገድ ስለሚያዛባ ሴሉ ስቡን በከንቱ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ለክብደት መቀነሻ ተብሎ በክኒን ተሸጠ፣ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ብቅ ብቅ ሲሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በህዳር 2001 ሊፖኪኔቲክስ የሚባለውን ምርት እንዳትወስዱ ብሎ አስጠነቀቀ። ክኒኑ ውስጥ ካፌይንና ሌሎችም ስለነበሩ ጥፋቱ የኡስኒክ አሲድ ብቻ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ለብቻውም የጉበት ሴሎችን ይጎዳል።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ፕሮቶሊከስተሪኒክ አሲድ (ከአይስላንድ ላይከን) እና ሎባሪክ አሲድ ሉኮትራይን የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር የሚሰራውን 5-ሊፖክሲጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳሉ፣ አትራኖሪን የሚባለው ሌላ የላይከን ውህድ ደግሞ እንደ አስፕሪን ኮክስ በሚባሉት ብግነትና ህመም በሚያመጡ ኢንዛይሞች ላይ ይሰራል። የአይስላንድ ላይከን አውሮፓ ውስጥ ለጉሮሮ መከርከርና ለደረቅ ሳል በባህላዊ መድኃኒትነት እውቅና አለው፣ እሱም ቢሆን ለረጅም ዘመን ስላገለገለ እንጂ በሰው ላይ በተደረገ ትልቅ ሙከራ አይደለም።

ከጫካ እየለቀሙ መድኃኒት መስራት አያዋጣም፣ ብዙው ላይከን በዓመት የሚያድገው በሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ጂን አዞሩ፤ በ2021 በወጣ ስራ የአትራኖሪን ጂኖች ከላይከን ፈንገስ ወጥተው ቶሎ የሚያድግ ሌላ ፈንገስ ውስጥ ሲገቡ ያ ፈንገስ አትራኖሪን አመረተ።