ሃይድሮሎክ ምንድን ነው? ውሃ የነካው ሞተር ሁሉ ሃይድሮሎክ አላደረገም

ባህር ዳር ክረምት ገብቶ አንድ መኪና ውሃ ውስጥ ቀጥ ባለ ቁጥር "በቃ ሃይድሮሎክ አድርጓል" የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ብሶበት "ኮልድ ኤር ኢንቴክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ተብሎ በፋብሪካው ፈንታ የሚገጠም የአየር ቱቦ) ያስገጠመ ሰው ዝናብ ሲጥል መኪናውን ያቁም፣ ሞተሩ ዝናቡን ስቦ ሃይድሮሎክ ያደርጋል" ብሎ ጽፏል፣ ሰውም አሜን ብሎ ይቀባበለዋል። ወንድሜ፣ ዝናብ ብቻውን ይሄን የሚያደርግ ቢሆን ሐምሌ ላይ ከተማው ውስጥ ኢንቴክ የቀየረ አንድም መኪና ሳይበላሽ አይተርፍም ነበር።

ሃይድሮሎክ ማለት ፒስተኑ (ሲሊንደር በሚባለው ቀዳዳ ውስጥ ላይ ታች የሚለው ብረት) የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከሚተርፈው ክፍተት የበለጠ ፈሳሽ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑ መውጣት ሲያቅተው ነው። አየር ይጨመቃል፣ ውሃ እምቢ ይላል፣ ከዛ በኋላ የሚሸነፈው ብረቱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢዬላው፣ ፒስተኑን ከታች ይዞ ወደ ላይ የሚገፋው ዘንግ። ክፍተቱ ደግሞ ትንሽዬ ናት። 1.3 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ቪትዝ ብንወስድ አንዱ ሲሊንደር 325 ሲሲ አካባቢ ነው፣ ኮምፕሬሽኑ 10 ለ 1 ነው (አየሩ ወደ አንድ አሥረኛ ቦታ ይጨመቃል) ካልን የሚተርፈው 36 ሲሲ ገደማ ነው፣ ግማሽ የቡና ስኒ በሉት። "የኔ ናፍጣ ነው፣ ጠንካራ ነው" የምትሉም አትዝናኑ፣ ባለ 4 ሲሊንደር 2.5 ሊትር ናፍጣ ኮምፕሬሽኑ 18 ለ 1 አካባቢ ስለሆነ የሚተርፈው ክፍተት ያው ከቪትዙ ጋር እኩል ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ጣና ውስጥ የሚዋኝ ልጅ አስቡ። ፀጉሩ ቢርስ፣ አንገቱ ድረስ ቢዘፈቅ፣ ከላይ ዝናብ ቢወርድበት ምንም አይሆንም፣ አፍንጫው ውሃ ውስጥ እስካልገባ ድረስ። መኪናም እንደዛው ነው፣ ጥያቄው ሞተሩ ምን ያህል ረጠበ ሳይሆን አፍንጫው የት ነው የሚለው ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ኢንቴክ አፍንጫው ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ከኮፈኑ ሥር ከፊት በኩል ነው ያለው። ኮልድ ኤር ኢንቴክ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ፊልትሮውን አውርዶ ከፓራውልቱ ጀርባ ወይ ከፊት ጎማው አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ከአስፋልቱ ብዙም የማይርቅ ቦታ። እና ልጁ አንገቱ ድረስ ቆሞ ሳለ የሞተር ጀልባ በአጠገቡ ቢያልፍስ? ውሃው ሳይጨምር ማዕበሉ አፍንጫው ላይ ይደርሳል። አንተም ውሃው ጎማህ ግማሽ ላይ ነው ብለህ ተማምነህ እያለ ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ ማዕበሉን ይልክልሃል፣ ወይ ራስህ ፈጥነህ ገብተህ ማዕበሉን ትፈጥረዋለህ። ደግሞ የሚያለከልክ ዋናተኛ ነው ብዙ ውሃ የሚጠጣው፣ ሞተርም በ3,000 ዙር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይስባል፣ እና ነዳጅ ረግጦ በፍጥነት ማለፍ የሚባለው ምክር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ምሳሌዬ የማይሠራበት ቦታ አለ፣ ልጁ ውሃ ቢገባበት ያስለዋል፣ ሞተር ማሳል አይችልም።

ዝናብና የጎማ ርጭትማ? የተወሰነ ጠብታ ከአየሩ ጋር ቢገባ ሙቀቱ ያተነዋል፣ በጭስ ይወጣል። ፊልትሮው ግን ውሃ ውስጥ ከተነከረ አያስቆምም፣ ጨርቅም ይሁን ወረቀት። ውሃ የሚመልስ ልባስ አለ፣ ለርጭት እንጂ ለመነከር አይደለም።

እና ያ ውሃ ውስጥ ቀጥ ያለው መኪና? ብዙ ጊዜ ኮይል ወይ ካንዴላ (እሳት የሚሰጡት ክፍሎች) ላይ ወይ አንዱ ሴንሰር ላይ ውሃ ገብቶ ነው፣ ደርቆ ይነሳል። ችግሩ ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ ሁለቱንም እንደ ሃይድሮሎክ ነው የምትይዘው። ውሃው ውስጥ እንዳለ ለማስነሳት አትሞክር፣ ማርሹን ነፃ አድርገህ ሳታስነሳ አስወጣው፣ መጀመሪያ የፊልትሮውን ቤት ክፈትና ውስጡንና ከሱ ወዲያ ያለውን ቱቦ እይ። ደረቅ ከሆነ ተንፍስ። ርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጦ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ያዙረው፣ ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ይተፋዋል። ናፍጣ ከሆነ ኖዝሉ ወይ ማሞቂያ ካንዴላው ነው የሚፈታው፣ ያ ሥራ ስለሚበዛ ጋራዥ ውሰደው። ዘይቱንም እይ፣ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ይቀየር።

እባካችሁ ግን ግፊ! የኛ አገር ልጆች ለመግፋት ደግሞ ማንም አይቀድማቸውም፣ መኪና ቆሞ ሲያዩ አምስት ስድስት ሆነው "ሁለተኛ ግባና ፍሪሲዮን ልቀቅ" ነው። ሞተሪኖ ቢያንስ አቅሙ ውስን ነው፣ ውሃ ካገኘ ብዙ ጊዜ "ጠቅ" ብሎ ይቆማል። የሚንደረደር መኪና ክብደት ግን አይቆምም፣ ውሃውን ከመጭመቅ ቢዬላውን ማጠፍ ይቀለዋል። ኢንቴኩን የሚሰድቡት አንዳንዶቹ ሞተራቸውን የበሉት ከውሃው ከወጡ በኋላ ነው።

ለምን ያስገጥሙታል ለሚለው፣ የሚስበው አየር 3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጥግግቱ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ መጀመሪያውኑ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፣ ያንን በቱቦ አትመልሰውም። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ድምፁን ነው የገዛው። ጉማራንና ርብን እያቋረጠ በፎገራ ሜዳ ጎንደር ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ክረምቱን የፋብሪካውን ቱቦ መልሶ እንዲያስገጥም ነው የምመክረው፣ ሜዳው ሲሞላ አስፋልቱ ላይ ያለው ውሃ ጥልቀቱ አይታይም።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሃይድሮሎክ ጎርፍ አያስፈልገውም። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ተበልቶ የራዲያተር ውሃ ሌሊቱን ሲሊንደር ውስጥ ቢጠራቀም፣ ወይ ኢንጀክተር ቢያንጠባጥብ፣ ደረቅ በጋ ላይ ግቢህ ውስጥ ቆሞ ጠዋት "ጠቅ" ይልሃል። ተነሳ ማለትም ተረፈ ማለት አይደለም፣ ትንሽ የታጠፈ ቢዬላ መኪናውን ለሳምንታት ሊያስነዳ ይችላል፣ የዛ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ዝቅ ብሎ፣ ዘይት እየበላና እያንኳኳ ይቆይና አንድ ቀን ተሰብሮ ብሎኩን ይበሳዋል። ውሃ የጠጣ ሞተር ከተነሳልህ በኋላም የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካ።